የዘውድነሽ መርዶና የጠፈሩ ሙዚቃ

እኔ በሙዚቃ የምጠረጠር ሰው አይደለሁም። አገር ቤት ሳለሁ ሰርግ ቤት እስክስታ ውረጂ እንዳልባል ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ስልጥ ነበር የምውለው። ሬዲዮ እንኳን ከፍቼ የማውቀው ሰዓት ለመስማት ነው። ስለዚህ ዶሃ ላይ፣ አል አስማኽ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው በፎጣና በቁምጣ ወደ መንገድ ያስፈረጠጥኩት በሙዚቃ ነው ብል የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑኝም። ግን አድርጌዋለሁ። ያውም በልቅሶ ቀን፣ ያውም ከሁሉ አብልጬ በምወዳት ጓደኛዬ ልቅሶ። መሃል ላይ ስስቅ ብትሰሙኝ አትታዘቡኝ፤ ይሄን ነገር ሳልስቅ አውርቼው ስለማላውቅ ነው።

ያን ጊዜ አል ዱሃይል ውስጥ አንድ ቪላ ቤት እሠራ ነበር። ሹግሉ፣ ሥራው ማለት ነው፣ ጽዳትም ምግብም ይባል እንጂ ዋናው ካውያ ነው። ባባ የምንለው የቤቱ ጌታ ነጭ ረጅም ቀሚሱን በቀን ሁለቴ ይቀይራል፤ አንገትጌው ላይ አንዲት ሽብሽብ ካየ ሌላ ይጠይቃል። የካውያው ጠረጴዛ የቆመው ፎቅ ላይ፣ በሙና ክፍል በር አጠገብ ነበር። ሙና የቤቱ ትልቋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ከትምህርት ስትመለስ ጥቁር መደረቢያዋን፣ አባያዋን፣ ወንበር ላይ ትጥልና ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ጌም ትጫወታለች። እናቷ ማዳም የተኩስና የፍንዳታ ድምፅ ስለማትወድ ሙና ጦርነት ሲመጣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ታወልቀውና ድምፁን ለቤቱ ትለቀዋለች። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ ሳልይዘው ነው ጉድ የሆንኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባባን አንገትጌ ስተኩስ ከክፍሏ ሙዚቃ መጣ። ቫዮሊን ነው ልበል፣ ብዙ ቫዮሊን። በጣም ቀስ ይላል። አንዱ ድምፅ ይነሳል፣ ሌላው ሊደርስበት ይሞክርና ይቀራል። ከዚያ ብዙ ሰው አፉን ሳይከፍት የሚያዜም የሚመስል ነገር ከሥር ይመጣል። ግጥም የለው፣ ከበሮ የለው፣ ጀመረ አይባል፣ አለቀ አይባል። እኔ እንጃ ምን እንዳሰብኩ። እናቴን ይሁን፣ ያገራችንን ወንዝ ይሁን፣ ምንም ይሁን ብቻ ቆምኩ። እኔ ቆምኩ፤ ካውያውም አንገትጌው ላይ ቆመ።

ሽታው ነው ሙናን ያስወጣት።

“ምን ሆነሽ ነው?” አለች ጭሱን በእጇ እያባረረች።

“ማን ሞቶ ነው?” አልኳት እኔ።

“ማንም አልሞተም! ጌም ነው።”

እጄን ይዛ ወስዳ አሳየችኝ። ጥቁር ሰማይ፣ ኮከብ፣ መሃሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል መርከብ።

“ውስጡ ሰው አለ?”

“አንዲት ሴት አለች። ብቻዋን።”

“ወዴት ነው የምትሄደው?”

“ወደ ቤቷ። ግን ቤቷ የቱ ኮከብ ላይ እንደሆነ ጠፍቷታል።”

“መቼ ነው የምትደርሰው?”

“እኔ እንጃ፤ ሁለት ወር ተጫውቼ አልደረስኩም። ሙዚቃው ምንም ነገር በማይሆንበት ሰዓት የሚመታ ነው። ዝም ብላ ስትጓዝ።” ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ እኔ ግን በባባ ቀሚስ እጅጌ እንባዬን እየጠረግሁ ስለነበር አልሰማኋትም።

ሙና መልካም ልጅ ናት። የተቃጠለውን ቀሚስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብላ ለእናቷ ነገረችልኝ። በሳምንቱ ደግሞ የጌሙን ሙዚቃ በሙሉ ሲዲ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝ። ማጫወቻ ስላልነበረኝ ሲዲውን ልብሴ መሃል አስቀመጥኩት። አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ። እንደ መስታወት ፊቴን ያሳየኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ዘውድነሽ ልምጣ። ዘውድነሽ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ባለ ቪላ ትሠራለች። የተዋወቅነው ቆሻሻ ስንደፋ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ፌስታል ይዘን እንወጣና በርሜሉ አጠገብ ለሦስት ደቂቃ እናወራለን፤ ከዚያ ያላ፣ እንሂድ ብለን እንለያያለን። አንድ ዓመት በሦስት በሦስት ደቂቃ ሲደመር ምን ያህል ወዳጅ እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። እመቤቷ ስልክ አትፈቅድላትም። የምትወጣው በወር አንድ ጊዜ፣ የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። የቤቱ ሹፌር አቡ ሃሙር በሚባለው ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል፤ ስትመለስ ከእኔ ጋር በታክሲ ትመጣለች። አገር ቤት የምትደውለውም ያን ቀን በእኔ ስልክ ነው። የምትደውለው ለአባቷ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እናቷ ስትሞት እሳቸው ናቸው የስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ ቁራጭ ጨርቅ እያጫወቱ ያሳደጓት።

አንድ ማክሰኞ ሳህን ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። የአጎቷ ልጅ ደርቤ ነው።

“ብቻሽን ነሽ?” አለኝ።

“ነኝ።”

“የዘውድነሽ አባት አረፉ። ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው።”

ሳህኑ አልወደቀም። ለወሬ ቢወድቅ ነበር የሚያምረው፣ እኔ ግን ደግሜ አጠብኩት።

“እንዳትነግሪያት፣ አደራ” አለ ደርቤ። “ሰው ሳይሰበሰብ፣ ታላቅ ሰው ሳይኖር፣ ቆሻሻ በርሜል ሥር እንዳትረዳ። በወጉ ይሁን።”

እሺ አልኩ። እኔ ውሸት አላውቅበትም ብዬ አልመጻደቅም፤ ውሸቴን የማስታወስ ችግር ነው ያለብኝ። በማግስቱ በርሜሉ ጋ “ከቤት ደወሉ እንዴ?” ስትለኝ ደንግጬ “ደርቤ ደውሎ ነበር፤ አባትሽ ሰርግ ተጠርተው ገጠር ወርደዋል” አልኳት። የመውጫዋ ዓርብ ሲደርስ በስልኬ ደወለች። ደርቤ ደግሞ “ጠበል ገብተዋል” አላት።

ስልኩን ዘግታ አየችኝ። “ሰርግ ነው ጠበል?”

“ጠበሉ ያለው ሰርጉ ያለበት አገር ነው” አልኩ።

“ሙሽራው የታመመ ነው እንዴ?”

“አዎ” አልኩ፤ ምን ልበል? “ትንሽ ያመዋል።”

“አይ አባዬ! እንግዲያው ልጁ ሳይሻለው አይመለስም። አንጀቱ አይችልም።” ይሄን ብላ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ላልታመመው፣ ላልተወለደውም ሙሽራ ሻማ አበራችለት። እኔ አጠገቧ ቆሜ “አሜን” አልኩ።

በሁለተኛው ወር “አባዬ መርፌ ክር ማስገባት አቅቶታል፤ መነጽር እንግዛለት” ብላ ይዛኝ ሄደች። መሃል ከተማ አንድ ህንዳዊ መነጽር ሻጭ ዘንድ ገባን። ዘውድነሽ ሃያ መነጽር ታስወርዳለች፣ ለእኔ ታደርግልኛለች፣ ራቅ ብላ ታያለች።

“ፊትሽ እንደ አባዬ ሰፋ ያለ ነው፤ ቀና በይ እስቲ። ፈገግ በይ፤ እሱ ሲሰፋ ፈገግ ይላል።”

የሞተ ሰው መነጽር አድርጌ ፈገግ አልኩላት። ከመነጽሩ ሥር እንባዬ ሲወርድ ያየው ሻጩ ነው። “ቁጥሩ ላንቺ አይደለም፣ ለዚያ ነው” አለ ተቆጥቶ። ዘውድነሽ ሳቀች። ወፍራም ቡናማ ክፈፍ ያለውን መረጠች። “ይሄን ሲያደርግ ዳኛ ነው የሚመስለው” አለች።

ያን ቀን ቤት ስገባ ለራሴ ኸላስ፣ በቃ አልኩት። ሦስተኛ ወር አይደገምም።

የመከሩን ሰው እትዬ ሮማን ናቸው። ዓረብ አገር ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ቢሮ የሚያጸዱ፣ አል አስማኽ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራዩ ሴት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቦታ የሌለን ሁሉ እሳቸው ክፍል ነው የምንቀመጠው። ነገሩን ስነግራቸው ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

“የሚመጣው ዓርብ እዚህ ትረዳለች” አሉ። “ንፍሮ እቀቅላለሁ። ግን ድምፁን ምን እናድርገው?”

የድምፁ ነገር ቀላል አልነበረም። ግቢው አሮጌ፣ ግድግዳው ስስ፣ በየክፍሉ አምስት ስድስት ሆኖ የሚያድር የሁሉም አገር ሠራተኛ ነው። ዓርብ ደግሞ ሁሉም ሊተኛ የሚፈልግበት ቀን ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እዚያው ተረድታ ስትጮህ ጎረቤት ሰው እየታረደ ነው ብሎ ፖሊስ ጠርቷል። ከዚያ ወዲህ የግቢው ጠባቂ፣ ዓም ዑስማን የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ “ሁለተኛ ጩኸት ብሰማ ክፍሉን ትለቂያለሽ” ብለው እትዬ ሮማንን አስጠንቅቀዋል። እትዬ ሮማን ያንን ክፍል ካጡ መግቢያ የላቸውም። እኛም የለንም።

“ሙዚቃ ከፍተን እንሸፍነው” አለች አብራን ከተቀመጡት ልጆች አንዷ።

“ዘፈን ከፍተን ሰው ልናረዳ?” አሉ እትዬ ሮማን። “መዝሙርም ቢሆን እንዲያ ጮክ ብሎ አይከፈትም፤ ጎረቤቱ የኛ ሃይማኖት አይደለም።”

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙዚቃ ጉዳይ እጄን አወጣሁ። “እኔ አለኝ” አልኩ። ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው የነበረውን ሲዲ አወጣሁና በእትዬ ሮማን ማጫወቻ ከፈትነው። ቫዮሊኑ ተነሳ፣ ሌላው ሊደርስበት ሞከረ፣ ያ አፍ ያልከፈተ ሕዝብ ከሥር መጣ። አንዷ አማተበች።

“የየት አገር ነው?” አሉ እትዬ ሮማን ዓይናቸው ረጥቦ።

“የሰማይ ነው” አልኩ። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ያልዋሸሁት እሱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሰማን፤ ይበቃል አልን። ሲዲው ላይ ስንት እንዳለ የጠየቀ የለም።

የቀረው ዘውድነሽን ማምጣት ነው። በወር አንዲት ዓርቧን ከቤተ ክርስቲያን ወዲያ ማንም አይወስድባትም። እንግዲህ እንዴት ብዬ ላሳምናት? በርሜሉ ጋ አፌ እንደ ልማዱ ከእኔ ቀድሞ “የእትዬ ሮማን ልደት ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን በጊዜ ወጥተሽ ነይላቸው” አለ።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሴት በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን ተቀምጠናል። ነጠላችንን ተቀምጠንበታል፤ ንፍሮው አልጋ ሥር ነው። በሩ ተንኳኳና ዘውድነሽ ገባች። አባያዋን ስታወልቅ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። እጇ ላይ ኬክ አለ። እመቤቷን ለምና በቤቱ ምድጃ የጋገረችው ነው፤ ላዩ ላይ በክሬም 60 ብላ ጽፋ አንዲት ወፍራም ሻማ ሰክታለች።

እትዬ ሮማን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “ስልሳ ማን ነገራት?”

“እኔ አይደለሁም።”

“አርባ ዘጠኝ ነኝ” አሉ፣ ለመርዶ በተዘጋጀ ፊታቸው።

ዘውድነሽ ሻማውን አበራች። “ምነው ዝም አላችሁ? አጨብጭቡ እንጂ!” አለች። አጨበጨብን። ከጥግ አንዷ አላስችል ብሏት ተንሰቀሰቀች።

“ለልደት ይለቀሳል እንዴ?”

“በደስታ ነው” አልኳት። የመጨረሻዋ ውሸቴ እሷ ናት።

እትዬ ሮማን ቁም ሳጥን ላይ ያለውን ማጫወቻ ከፈቱ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉ፣ መጥተውም ከዘውድነሽ ጎን ተቀመጡ። ቢላዋውን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱት።

“ዘውዴ፣ ልጄ። አባትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?”

“ሰባ ሁለት ነው” አለች። ወዲያው ፈገግታዋ ቀረ። “ ‘ነበር’ ያሉት ለምንድን ነው?”

አሥራ ሁለታችን ነጠላችንን አውጥተን ለበስን። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገም። ሴቶቹ አፋቸውን በጨርቅ አፍነው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሙዚቃው ላያችን ላይ ነጠላ እንደሚጣል ተጣለልን። ዘውድነሽ ብቻ አላለቀሰችም።

“መቼ?” አለች።

“ሦስት ወር ሊሞላው ነው።”

“አይደለም። ጠበል ነው ያለው።” ወደ እኔ ዞረች። “ሰርጉስ?”

“ሰርግ አልነበረም” አልኳት።

“ሙሽራው አልታመመም?”

“ሙሽራ የለም፣ ዘውዴ።”

“ሻማ አብርቼለት ነበር እኮ” አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚገርማት ሰው።

ከዚያ ቢላዋውን መልሳ አነሳችና ኬኩን መቁረጥ ጀመረች። ሻማውን መሃል ላይ ትታ ዙሪያውን እኩል እኩል እየቆረጠች ለእያንዳንዳችን አደለች። እምቢ የሚል አንጀት ያለው አልተገኘም። አሥራ ሁለት ሴት በአንድ እጇ ኬክ፣ በአንድ እጇ ነጠላ ይዛ ታለቅሳለች። እትዬ ሮማን “አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ውስጥሽ እንዳይቀር” ይሏታል። እሷ ግን “ክሬሙ ያልደረሰው አለ?” ትላለች። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሙዚቃው አንዱ ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል፤ ሁሉም ቀስ ያለ፣ ሁሉም ምንም የማይሆንበት። በውስጤ ሙናን አመሰገንኩ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ ሰባተኛው ደረሰ።

ድው!

ከበሮ ነው። ቀጥሎ ጥሩምባ፣ አንድ ሠራዊት የሚያህል ጥሩምባ። ከዚያ የአደጋ ደወል፣ ሕንፃ ሲቃጠል የሚጮኸው ዓይነት፣ ይጮሃል፣ ያፋጫል። በላዩ ላይ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ፣ እሳት ነው፣ ውጡ፣ ሁላችሁም አሁኑኑ ውጡ ትላለች፣ ቁጥር ወደ ኋላ እየቆጠረች። (በኋላ ሙናን ስጠይቃት “ሰባተኛው መርከቧ የምትነድበት ነው። ነግሬሽ ነበር እኮ” አለችኝ። “መቼ?” ብላት “በባባ ቀሚስ ስታለቅሺ” አለች።)

ዘልዬ ማጫወቻውን ያዝኩ። ድምፅ መቀነሻውን አዞርኩ፤ ለካ ያዞርኩት ወደ ላይ ነው። ወደ ታች ልመልሰው ስል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ከጎረቤት ክፍል አንድ ፊሊፒናዊ “እሳት!” ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ። ከዚያ ግቢው ፈነዳ። በሮች ይበረገዳሉ፣ ደረጃው ይንኳኳል። ፀጉሩ ላይ ሳሙና ያለበት፣ ፎጣ ያገለደመ፣ ቴሌቪዥን የተሸከመ፣ የሩዝ ድስቱን ያቀፈ፣ ሁሉም በየቋንቋው እየጮኸ ወደ ውጭ ይሮጣል። ዓም ዑስማን ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው በራችንን በእግራቸው ከፍተው ገቡ። የሚነድ ነገር በዓይናቸው ፈለጉ። ጠረጴዛው ላይ የልደቱን ሻማ አገኙት። ባልዲውን ሙሉ እሱ ላይ ደፉበት።

“ያላ! ወደ ውጭ! ሁላችሁም!” አሉና እየገፉ አወጡን። መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ ቀጥ አደረጉት። ደወሉም ጥሩምባውም እዚያው ተቆረጠ።

የረፋድ ፀሐይ። ጠባብ መንገድ። አርባ የሚሆን ሰው ጭስ እየጠበቀ ቆሟል፣ ጭሱ ግን አይመጣም። ዘውድነሽ መሃል ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች፤ ቀይ ቀሚሷ ረጥቦ ክሬም ተለድፎበታል። ያኔ አፏን ከፈተች።

“አባዬ!”

የሰው ድምፅ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። “አባዬ! ለሰው ሁሉ ሰፍተህ ለኔ ጥቁር ሳትሰፋልኝ! በቀይ ቀሚስ ተረዳሁልህ! ልደት ነው ብዬ፣ ኬክ ይዤ ተረዳሁልህ!” መሬት ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ። “መነጽሩን ስታደርጊው ታውቂ ነበር! ታውቂ ነበር!” ትለኛለች። “አውቅ ነበር” እላታለሁ። ትመታኛለች፣ ደግሞም አንገቴን አቅፋ ትጮሃለች። አልሸሸሁም። ዱላው የእኔ ነው።

ዓም ዑስማን ባዶ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቀረቡ። እትዬ ሮማን ክፍላቸውን እንዳጡ ቆርጠው አንገታቸውን ደፍተዋል።

“ምን ሆናለች?” አሉ በዓረብኛ።

በተሰባበረ ዓረብኛዬ “አባቷ ሞቷል። ዛሬ ነው የነገርናት” አልኳቸው።

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው ዘርግተው “አል-ፋቲሃ” አሉ። በመንገዱ ላይ የነበረው ሙስሊም ሁሉ መዳፉን ዘረጋ፤ ሌላው ምን እንደሆነ ባይገባውም አንገቱን ደፋ። ፀጉሩ ላይ ሳሙና ያለበት ሰውዬ አረፋው ዓይኑ ውስጥ እየገባ እንኳ እጁን አላወረደም። ዱዓው ሲያልቅ አንድ በአንድ መጡ። ፎጣውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚጨብጣት አለ። ቴሌቪዥን የተሸከመው ቴሌቪዥኑን መሬት አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አላትና ተመልሶ ቴሌቪዥኑን ተሸከመ። ማን ምን እንዳላት አላወቀችም። ለሁሉም “እግዜር ይስጥልኝ” አለች።

“እሺ፣ አሁን ዝም እናሰኛታለን” አሉ እትዬ ሮማን በፍርሃት።

“ተያት” አሉ ዓም ዑስማን። “አባት ነው። ታልቅስ።” ከጥበቃ ክፍላቸው ወንበር አመጡላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አመጡላት፣ ራሳቸው ፀሐዩን ከልለው ቆሙላት። እኛም ነጠላችንን አጣፍተን፣ ማንንም ሳንፈራ፣ እንደ አገራችን አለቀስን። ንፍሮው ወጣ። ፊሊፒናዊው ሳይቀር ዘገነ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲቃረብ አባያዋን ደርበን ታክሲ ውስጥ አስገባናት። አል ዱሃይል ልንደርስ ስንል፣

“ምን ቀን ነው የሞተው?” አለችኝ።

“ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ።”

“የወሩ ሁለተኛ ዓርብ?”

“አዎ።”

በመስኮት ወደ ውጭ እያየች አሰበች። “ያን ቀን ባሕር ዳር ወስደውን ነበር። ሕፃኑን ይዤ ውሃው ውስጥ እግሬን ነክሬያለሁ። ሕፃኑ ውሃ ረጨኝና ስቄ ነበር።” ቁልቁል እግሯን አየች። “ብዙ ነው የሳቅኩት።”

እጇን ያዝኩት።

ከበሯ ፊት ለፊት ወረድን። ከግንቡ ውጭ፣ የአትክልት ማጠጫው ቧንቧ አጠገብ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች። ደጋግማ ዓይኗን በውሃ መታችው። በአባያዋ ጫፍ አደረቀችና ወደ እኔ ቀና አለች።

“ይታወቃል?”

“አይታወቅም” አልኳት። ይታወቅ ነበር።

ደወሉን ሳትነካው በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ዘውድነሽ የሚለው ስም አልያዝላት ብሎ እመቤቲቱ ሳራ ነው የምትላት። “ሳራ! ያላ፣ እንግዶች መጥተዋል፣ ሻይ!” የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ።

“እሺ ማዳም!” አለች ዘውድነሽ። ድምጿ ምንም አልሆነም። ገብታ በሩን ዘጋችው።

አገር ቤት ብትሆን ሦስት ቀን ሙሉ ከተቀመጠችበት ፍራሽ የሚያስነሳት አይኖርም ነበር፤ ውሃ እንኳን ሌላ ሰው ነው አፏ ላይ የሚያደርስላት። እኔም ሰዓቴ አልፎ ነበር፣ ግን መሄድ አቅቶኝ እግንቡ ሥር ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል ብርጭቆዎች ሲደረደሩ ተሰማኝ።